ጃዝ ያለበት

አጎቴን ቅጣውን በቅሎ አልረገጠችውም።

ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ አገሬ ሞላሌ ላይ ዛሬም ስሙ ሲነሣ ሳቅ ስለሚቀድም ነው። "ያ በቅሎ ጥርሱን ያረገፈችው ባለ ጥሩምባ!" ይላሉ፤ ይስቃሉ፤ ያልፋሉ። ባለፈው ዓመት ለሰርግ ሄጄ፣ የልጅ ልጄ የሚሆን አንድ ጎረምሳ ማን መሆኔን ሳያውቅ ይህንኑ ወሬ ለእኔው አወራልኝ። እጁን እንደ ኮቴ እያወናጨፈ። ሰሃኔን አስቀምጬ ተነሣሁ። አጎቴ ሳክስፎን የሚነፋ፣ ጃዝና ብሉዝ የሚጫወት ሰው ነበር። የእሱ ድምፅ በሸክላ አልተቀረጸም፤ የትም የለም። የቀረችለት ያቺ በቅሎ ብቻ ናት፤ እሷም ውሸት ናት።

እሱ ወደ ቤታችን ሲመጣ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዓመቱ 1953፣ ጊዜው ሁዳዴ። መኪና እስከሚደርስበት መጥቶ የቀረውን መንገድ በእግሩ ነበር የገፋው። አንድ ትልቅ ጥቁር ሣጥን በሱፍ ባና ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ይዟል። እናቴ ጥሩሸዋ ወንድሟን በር ላይ አቅፋ ስታለቅስ፣ እኔ ዓይኔ ሣጥኑ ላይ ነበር።

"ምንድን ነው ጋሼ?" አልኩት፣ ገና ውሃ እንኳ ሳይቀምስ።

ከፈተው። ከዚያ በፊት ያን ያህል የሚያበራ ነገር ያየሁት በጥምቀት፣ ታቦት ሲወጣ ብቻ ነው።

"ሳክስፎን ይባላል።"

"ምን ይሠራል?"

"ጃዝ!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

ደጃፉ ላይ ተኝቶ የነበረው ውሻችን አንበሶ እየጮኸ ዘሎ ተነሣ፤ የሚነክሰውን ሰው ፍለጋ ግቢውን ዞረው። እኛ አገር ጃዝ ማለት ውሻን ሰው ላይ መልቀቂያ እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። አጎቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"አስመራም አዲስ አበባም ተጫውቻለሁ" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "ስሙን ብቻ ሰምቶ ብድግ ያለልኝ ታዳሚ ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው።"

እንዲህ ነበር እሱ። ስለ ስሙ ሲጠይቁት እንኳ "አባቴ ገና ስወለድ 'ቅጣው' ብሎ አዘዘ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሹም ሁሉ ትእዛዙን ሲፈጽም ይኖራል" ይል ነበር። እኔ እስቅ ነበር። እውነቱን መናገሩ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ንጉሡን ለመገልበጥ ግርግር ተነሥቶ ከሽፎ ነበር። እሱ በሙዚቀኛነት የሚያገለግልበት ጦር ተበተነ፤ ከዱላ በቀር ምንም ያልያዘው ከበሮ መቺ ሳይቀር ታሰረ። አጎቴን ከወራት በኋላ "ወደ ትውልድ አገርህ፣ በዋስ" ብለው ለቀቁት። ዋሱ አባቴ አቶ ዳኜ ነበር፤ የአገሩ ሹም የግራዝማች አባይነህ ጸሐፊ። አጎቴ አንዲት ጥፋት ቢያጠፋ አባቴ ከእንጀራው ይነቀላል፤ እሱም ወደ እስር ይመለሳል። እኔ ግን አጎቴ የመጣው ከእኔ ጋር ሊጫወት መስሎኝ ነበር።

ግራዝማችን በልጅነቴ "እሳቸው" ነበር የምላቸው። የልጅነቱን ነገር ስናገር ዛሬም እንደዚያው እላለሁ፤ ያኔ እወዳቸው ነበርና። ነጭ በርኖስ ለብሰው፣ አሽከሮቻቸውን አስከትለው ቤታችን ጎራ ይሉ ነበር። ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ለእኔ ይሰጡና "እንግዳው ደህና ነው? ከማን ጋር ይውላል?" ብለው ይጠይቁኛል። ደግነታቸው ይገርመኝ ነበር። የሰው አጎት እንዲህ የሚያስብ ሹም!

ሁዳዴ ስለሆነ አጎቴ ሳክስፎኑን አልነፋም። "እሱም ይጾማል" ይል ነበር። የነፍስ አባታችን አንድ ቀን መጥተው ሣጥኑን አስከፈቱትና ጢማቸውን እያሻሹ ዞሩት።

"መለከት ነው?"

"የመለከት የእንጀራ ልጅ ነው አባ። ቤተ ክርስቲያን አላሳደገችውም እንጂ ደሙስ አንድ ነው።"

አባ ለመቆጣት ጀምረው በሳቅ ጨረሱት።

ማታ ማታ እራት እስኪቀርብ ስለ ሙዚቃው ያጫውተኛል። አስመራ ለሥራ ተልኮ ሳለ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር እንዳስተማረው ነገረኝ። "ብሉዝ ማለት የእነሱ ትዝታ ነው" አለኝ። "ልዩነቱ፣ እኛ የሄደችውን 'ተመለሽ' ብለን እናለቅሳለን። እነሱ 'እሰይ ሄድሽልኝ' ይሉና፣ ብለው ሲጨርሱ ያለቅሳሉ።"

"ጃዝስ?"

"ጃዝማ አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ ነው፤ ግን አንዱ የሌላውን ይሰማል። እዚህ አገር ተሞክሮ አያውቅም።"

አባቴ ይህን ሰምቶ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቅጣው፣ እባክህ" አለ። እናቴ ወደ አባቴ አየች። እኔ ምኑ እንዳስቀየመው አልገባኝም።

ፋሲካ አልፎ የሰርግ ወቅት ገባ። የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ዳሱ ውስጥ መጀመሪያ አዝማሪ ተጫወተ፤ ከዚያ ሁሉም "ቅጣው! ቅጣው!" አለ። አጎቴ ተነሣ። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ሕፃናት አለቀሱ፤ ደጅ የታሰሩ ከብቶች ገመድ ጎተቱ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁላችንም የምናውቀውን የሙሽራ ዜማ ይዞ ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ዜማውን ጎበጥ አደረገው፤ ሳበው፤ ወደማናውቀው አገር ይዞት ወረደ። ሰርግ መሆኑን የረሳን መሰለኝ። ባሏ የሞተባት አማከለች የምትባል ጎረቤታችን ጥግ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን አወረደች። ቀጥሎ ዜማውን እዚያው አዙሮ ወደ ጭፈራ ሲመልሰው፣ ያችው አማከለች ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ትከሻዋን ሰበቀች። ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲያለቅስና ሲጨፍር ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አላየሁም።

አጎቴ ሳክስፎኑን ከአፉ አወረደና በባዶ ድምፁ እንዲህ ብሎ ዘፈነ፦

"በሞላሌ ምድር በጎ የለም ያላችሁ፣
በጎቹ በሙሉ እሳቸው ቤት አሉላችሁ።"

እጁን ዘርግቶ በክብር ቦታ ወደ ተቀመጡት ግራዝማች አመለከተ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ደስ አለኝ። አጎቴ ግራዝማችን በጎ ሰው ናቸው ብሎ አወደሳቸው! በጎ ሰዎች ሁሉ እሳቸው ቤት ናቸው አለ! ግጥሙን ወዲያው ያዝኩትና ለልጆች አስተማርኩ።

የግራዝማች ሰዎች "ለመንግሥት እንግዳ" እያሉ ከየደጃፉ በግ ሲነዱ መክረማቸውን አላውቅም ነበር። የአማከለች በጎች፣ ከእነ ግልገሎቻቸው፣ ፋሲካ ሳይደርስ ነበር የተነዱት። እሷን ያሳቃት ይኼ ነው። ዳስ ሙሉ ሰው የሳቀው፣ የተዘረፈው ንብረት ያለበትን ቦታ በስም ስለሰማ ነው።

ግራዝማችም ሳቁ። ሳቃቸው ከሁሉ ዘግይቶ መጣ፤ እኔ ትሕትና መሰለኝ። ከራሳቸው ብርሌ ጠጅ አጠጡት፤ ግንባሩን ሳሙት። "ጉድ ነህ አንተ ልጅ! ቤቴ መጥተህ ለብቻዬ ትጫወትልኛለህ" አሉ። አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጠጁ ያመመው መሰለኝ።

በሳምንቱ ለአጎቴ ኮርቻዋ ያማረ ግራጫ በቅሎ ተላከችለት። በቅሎ ተልኮለት የሚሄድ አጎት ያለው ልጅ ከእኔ በቀር ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም፤ እስከ ወንዙ ድረስ ከኋላው እየሮጥኩ ሸኘሁት። እናቴ "አትሂድ" ስትለው ሰምቻለሁ። "ካልሄድኩ ዳኜን ነው የሚይዙት" አላት።

በማግስቱ ያችው በቅሎ መለሰችው። ፊቱ በነጠላ ተጠቅልሏል፤ ነጠላው ደም ነበር።

ወጌሻው አቶ ፈንታ ተጠርቶ መጣ። እኔን ከምድጃው ወዲያ አስቀመጡኝ፤ ጆሮዬን ግን ማንም አልያዘውም።

"ምን አገኘው?" አለ አቶ ፈንታ።

"በቅሎ ረገጠችው" አለ አባቴ ፈጥኖ።

አቶ ፈንታ የአጎቴን አፍ በጣቱ ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አየ። "አፍንጫው ደህና ነው። መንጋጋው ደህና ነው። የፊት ጥርሶቹ ብቻ፣ ከላይም ከታችም፣ ተለቅመው ወጥተዋል።" ተነፈሰ። "የተማረች በቅሎ ናት፣ አቶ ዳኜ።"

"ሥራህን ሥራ፣ ፈንታ።"

እኔ በበቅሎዋ ተገረምኩ። ሌላውን ሳትነካ ጥርስ ብቻ መርጣ የምትረግጥ! አቶ ፈንታ ከሄደ በኋላ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አባቴን "አፍ አውጥተህ ተናገር እንጂ! ግራዝማች ነው ጃዝ ያለበት!" ስትለው ሰማሁ። እኔም ነገሩ ገባኝ አልኩ፦ ግራዝማች ጃዝ ተጫወትልኝ አሉት፤ እሱ ሲጫወት በቅሎዋ ደነበረች። አባቴ "በቅሎ ናት። አለቀ" አለ። ጃዝ የሚለው ቃል በዚያ ቤት ዳግመኛ አልተነሣም።

የሆነውን ከእናቴ አፍ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሁለት አሽከሮች እጁን ያዙት፤ ሦስተኛው በጠመንጃ ሰደፍ መታው። ግራዝማች ተቀምጦ ያይ ነበር። "በጎ ነህ ብለኸኛል" አለው። "በጎ ባልሆን ነፍስህን እወስድ ነበር።" ሳክስፎን የሚነፋ ሰው የላይ ጥርሱን መንፊያው ላይ ነው የሚያሳርፈው። ይህን ደግሞ ለግራዝማች አጎቴ ራሱ አስረድቶት ነበር። ግራዝማች ሰርጉ ላይ ጠጅ እያጠጣው "እንዴት ነው የምትይዘው?" ብሎ ጠይቆት፣ እሱም እንደ ሙያ ሰው ደስ ብሎት አሳየው።

ለእኔ ግን ቁስሉ ሲሽር አጎቴ የበቅሎዋን ወሬ ነገረኝ። እየተኮላተፈ፣ ከንፈሩ እያፏጨ። "ይቺ በቅሎ" አለ፣ "እናቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ ነው። ስለዚህ ሁለት ቅኝት አላት። በአንደኛው ቅኝት ስታመሰግነኝ ቆየች። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ስነሣ፣ በሁለተኛው ረገጠችኝ!" ከሳቅ ብዛት መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ልጅ እንዳይፈራ ብሎ የሠራት ወሬ ነበረች። ስትሠራ ግን እጅግ አማረች፤ ጎረቤት ሰማት፤ ገበያ ሰማት፤ ሌላ አገር፣ ቀየት ድረስ ሄደች። ያን ያህል ተጫዋች ባይሆን ኖሮ፣ ደነዝ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ሰው "እንዴት ነው ነገሩ?" ብሎ በጠየቀ ነበር። ሰዉ ግን መሳቁን ነው የመረጠው።

ከሁሉ ይልቅ ደም የሚያፈላኝ ግን ይህ ነው። በየድግሱ፣ በየማኅበሩ ግራዝማች ከወንበራቸው ሆነው "ቅጣው! እስቲ የበቅሎዋን ንገረን" ይሉታል። እሱም ተነሥቶ ይነግራል። እናቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ። ግራዝማች እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ፤ ወዳጅነታቸው ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ አጎቴ ዓይን ዓይኑን እያየ የሰውዬውን ዘር ማንዘር በአደባባይ ይሰድበው ነበር። የቀረው መሣሪያ ያ ብቻ ነው። የተሰደበው ሰው ግን ስድቡን እንደ ጠጅ እያስቀዳ ይጠጣዋል፤ ምክንያቱም የሚያዝዘው እሱ፣ ባዘዘ ቁጥር የሚነሣው አጎቴ ነው።

አንዳንድ ቀን ከከብቶቹ ማደሪያ ኋላ ሣጥኑን ከፍቶ ሳክስፎኑን ከአፉ ሲያገናኘው አገኘዋለሁ። የሚወጣው አየር ብቻ ነበር፤ ፍፍፍ የሚል።

"ይኼ ምን ዘፈን ነው ጋሼ?"

"የጓሳ ተራራ ነፋስ ነው። ቃሉ ገና አልወጣለትም።"

ዘፈን መስሎኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አዳምጥ ነበር። ጣቶቹ ግን ቁልፎቹ ላይ እውነተኛውን ዜማ ይጫወቱ ነበር፤ ፈጥነው፣ አንዱን እንኳ ሳይስቱ። ይህንን ዓይኔ አይቶታል። ሌላ ምስክር የለውም።

በ1961 ክረምት ሳንባው ታመመ፤ አልተነሣም። መሞቻው ሲቀርብ እናቴን እጇን ያዘና "እትዬ፣ የበቅሎዋን ነገር እኔ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ያንቺ ናት" አላት። ጎረምሳ ነበርኩ፤ ተንኮል የማይገባኝ ዕድሜ አልነበረም። ቢሆንም ወሬዋን ከእሱ በኋላ እሷ ታወራለች ማለቱ መሰለኝ።

ከቀብር መልስ ለቅሶው ግቢያችን ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ሣር ላይ ነው። አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ እሷም ለግራዝማች ተዘጋጅታለች። ግራዝማች ስለ ሟች ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግ ሰው ነበር አሉ፤ የሳቃችን ጌታ ነበር አሉ። "ያቺ በቅሎም ሳትወደው አልቀረችም" ብለው ጨመሩ፣ "ለማስታወሻ ትንሽ ነገር ወስዳለች።"

ለቅሶ ላይ ተሳቀ። ሬሳው አፈር ከለበሰ ገና ቀኑ አልመሸም።

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ተነሣች። ማልቀስ የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ሙሾ እንድታወጣ ከሩቅ፣ ከዘመሮ ሳይቀር ይጠሯት ነበር። መሐል ገብታ ደረቷን መታች። ድምፅዋ ግን ለቅሶ አልነበረውም።

"በቅሎ ነች እያሉ ሲያስቁኝ ኖሬ፣
በቅሎዋን አየኋት ወንበር ላይ ዛሬ።"

ሳቁ በየአፉ ላይ ደረቀ። አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ሰው ወደዚያ ላለማየት አንገቱን ሲሰብር አየሁ። እናቴ ደገመች፦

"ገብስም አልቀመሰች፣ ሣርም አልጋጠች፣
የወንድሜን ዘፈን ከነጥርሱ በላች።"

ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ወደቀ፤ አቶ ፈንታ፣ ነጠላው፣ "ጃዝ ያለበት" የሚለው ሹክሹክታ፣ ከረሜላው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከግራዝማች ጋር ስስቅ ነበር የኖርኩት።

ሙሾ ሲወጣ ሴቶች መቀበል አለባቸው። ማንም አልተቀበለም፤ የሚሰማው የእናቴ ደረት ሲመታ ብቻ ነበር። በመጨረሻ አማከለች፣ ያቺ በጎቿ የተነዱባት፣ ከሣሩ ላይ ተነሣች። "ከነጥርሱ በላች!" ብላ ተቀበለች። ቀጥሎ ሌላ ሴት። ቀጥሎ ግቢው በሙሉ። ወንዶቹ ባናቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

ግራዝማች አባይነህ አልተነሣም። ከእንግዲህ "እሳቸው" አልለውም። ቢነሣ በቅሎዋ እኔ ነኝ ማለቱ ነው፤ ሕዝቡም ይህን እየጠበቀ ነበር። ስለዚህ ተቀመጠ። እናቴ የሆነውን ሁሉ፣ የጠመንጃውን ሰደፍ፣ የያዙትን እጆች፣ አንድ በአንድ ስትዘረዝር፣ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሰማ።

ሲያበቃ መሄድ ነበረበት፤ ለመሄድ ደግሞ ሐዘንተኛዋን ማጽናናት የግድ ነው። ፊቷ ድረስ መጣ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ "እግዜር ያጥናሽ፣ ጥሩሸዋ" አለ። እናቴ አየችው። አልመለሰችለትም። ሰውዬው እንደጎነበሰ ቆመ፤ መልስ ሳያገኝ ቀና ማለት አልቻለም፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጎብጦ መልስ ይጠብቃል። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያጎብጥ የኖረ ሰው! እንደዚያ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ፣ ትንሽ ብቻ፣ የአጎቴ ደም መሬት ላይ አልቀረም እል ነበር።

አባቴ ተነሣ። መሐላቸው ገብቶ ከግራዝማች ይበልጥ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና፣ "እግዜር ይስጥልን፣ ጌታዬ" አለ። "ይቅር ይበሏት። ሐዘን አእምሮዋን ነክቷት ነው።"

ግራዝማች ቀና አለ። በርኖሱን አስተካክሎ ሄደ። በሹመቱ ላይ እንዳለ አረጀ፤ በሰላም ሞተ፤ ብዙ ካህን ቀበረው። አባቴም ጸሐፊነቱን አልተነጠቀም። ሰዉ ሙሾውን ፈርቶ ተወው፤ የበቅሎዋን ወሬ ግን ያዘ፤ ይኸው እስከዛሬ ይስቅበታል።

እናትና አባቴ ከዚያ በኋላ እስኪያረጁ ድረስ አንድ ጣራ ሥር ኖሩ። አልተፋቱም፤ አልተሰዳደቡም። የእሱን ምግብ በጊዜው ታቀርባለች፣ እጁን ታስታጥባለች፣ ልብሱን ታጥባለች። ከእሱ ጋር ግን አንድ ገበታ ዳግመኛ አልቀረበችም። እሱም አንድ ቀን እንኳ "ነይ ብዪ" አላላትም።